ፊታቸውን ትተው ሳንቲም የሚለጥፉ ሰዎች

የሳንቲም ሰብሳቢዎች የሚገናኙበትን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ የአባላቱን የፕሮፋይል ፎቶ እዩ። የሰው ፊት ጥቂት ነው። የቀረው ሳንቲም ነው። የድሮዋ የብር ገንዘብ ማርትሬዛ አለች። የምኒልክ አንበሳ አለ። የአክሱም ንጉሥ አለ። የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ የአቴና ጉጉት፣ የሮማ ቄሣር፣ የአሜሪካ የብር ዶላር ታገኛላችሁ።

ለብዙ ሰው ይህ ተራ ነገር ነው። አንዱ አበባ ይለጥፋል፣ አንዱ የልጁን ፎቶ፣ አንዱ የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል። ሰብሳቢም ሳንቲሙን ቢለጥፍ ምን ይገርማል? እኔ ግን ነገሩ ከዚህ ያለፈ ነው እላለሁ። ሰው ካሉት ሳንቲሞች ሁሉ አንዱን መርጦ በራሱ ፊት ቦታ ሲያስቀምጥ ከጀርባው ታሪክ አለ። ሳንቲሙ ከየት መጣ? ማን ሰጠው? በማን እጅ አልፎ እዚህ ደረሰ? ዛሬ፣ የአክሱም ሳንቲም በኢንተርኔት ጨረታ እንደ ማንኛውም ዕቃ በሚሸጥበት ጊዜ፣ ይህ ታሪክ ከሳንቲሙ ያላነሰ ዋጋ አለው። እኛ ጋ ደግሞ ፎቶው በዝቶ ታሪኩ እየጠፋ ነው።

ፊት የሚደበቅበት ቀላል ምክንያት አለ፤ ደኅንነት ነው። ቤቱ ወርቅና ብር ያስቀመጠ ሰው ፊቱን፣ ሙሉ ስሙንና ሰፈሩን ለማያውቀው ሕዝብ አያሳይም። በየትም አገር ያሉ ሰብሳቢዎች ለጀማሪ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር ይኸው ነው። ትክክልም ናቸው።

ግን ፊት ለመደበቅ ከሆነ ማንኛውም ሥዕል ይበቃ ነበር። ለምን ሳንቲም? ለምንስ ያንን ሳንቲም?

አንደኛ ነገር ሳንቲም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ትንሽ ክብ ቦታ፣ መሐሉ ላይ ከጎን የታየ ፊት፣ ዙሪያውን ስምና ማዕረግ። ነገሥታት ከጥንት ጀምሮ ይህን ቦታ ራሳቸውን ለማስተዋወቅ ተጠቅመውበታል። አብዛኛው ሕዝብ ንጉሡን በዓይኑ ሳያይ ኖሮ ይሞታል። ፊቱን የሚያውቀው ገበያ ላይ በሚቀበለው ገንዘብ ነው። ዩልየስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ በሕይወት እያለ፣ ምስሉ ሮም ውስጥ በተመታ ሳንቲም ላይ ወጣ። ከዚያ በፊት በሕይወት ያለ ሮማዊ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ብዙዎች እንደ ድፍረት ቆጠሩት። በዚያው ዓመት ተገደለ። ከገዳዮቹ አንዱ ብሩተስ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ የራሱን ፊት በሳንቲም ላይ አስቀረጸ፤ በጀርባው ሁለት ጩቤ አደረገበት። ወደዚህ ሳንቲም እመለሳለሁ።

ከውጭ ሰብሳቢዎች ምርጫ እኔን የሚገርመኝ የሞርጋን ዶላር ነው። ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 እ.ኤ.አ. የተመታ የአሜሪካ የብር ዶላር ነው። ፊቱ ላይ «ነጻነት»ን የምትወክል ሴት አለች። ሴትዮዋ የሐሳብ ፈጠራ ብቻ አልነበረችም። ጆርጅ ሞርጋን የተባለው ቀራጭ በ1876 አና ዊሊያምስ የምትባል የፊላደልፊያ ወጣት ፊቷን አይቶ ነው የሠራው። ስሟ እንዳይወጣ ተስማምተው ነበር። ሆኖም ጋዜጦች ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ሰላም አጣች። ደብዳቤ ጎረፈባት፤ ሰው ሊያያት ቤቷና የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ ይመጣ ጀመር። እሷ መምህርነቷን እንጂ ዝናውን አልፈለገችም። ዛሬ ፊታቸውን መደበቅ የሚፈልጉ ሰዎች የእሷን ፊት ይለጥፋሉ። ብዙዎቹ ታሪኳን አያውቁትም ብዬ እፈራለሁ። ቢያውቁት ሳንቲሟን ይበልጥ ይወዷት ነበር።

የአቴና ጉጉትም አለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው ክፍለ ዘመን በገፍ የተመታች፣ ወደ 17 ግራም የምትመዝን ወፍራም ብር ናት። በአንድ ጎን የጥበብ አምላክ የምትባለው አቴና፣ በሌላው ጎን ዓይኗን ያፈጠጠች ጉጉትና የወይራ ቅጠል። ያቺው ጉጉት ዛሬም በግሪክ የአንድ ዩሮ ሳንቲም ላይ አለች። በእኛ አገር ጉጉት ገዷ ስለማያምር ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ ፕሮፋይሉ ላይ ሲያደርጋት ብዙም አላየሁም።

የእኛዎቹ ምርጫ ሌላ ነው። አንደኛዋ ማርትሬዛ ናት።

ማርያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት ነበረች። በኅዳር 1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። ብሯ ግን ከእሷ በኋላም ያንኑ 1780 ዓመት ይዞ መመታቱን ቀጠለ፤ እስከ ዛሬ ቪየና ውስጥ ለሰብሳቢዎች ይመታል። በመሐሉ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በሮምና በቦምቤይ ሳይቀር ተመቷል። 28 ግራም ትመዝናለች፤ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ «የ1780 ሳንቲም አለኝ» የሚል ሰው እጁ ላይ ያለው ብር ምናልባት አያቱ ከተወለዱ በኋላ የተመታ ነው። ይህን ስነግራቸው የሚያዝኑ አሉ። የሚያሳዝን አይመስለኝም። ለእኛ ቁም ነገሩ የተመታበት ዓመት ሳይሆን የተዞረበት አገር ነው። ቡና፣ ጨው፣ በቅሎ የተገዛበት ገንዘብ ነው። እስከ 1937 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ ድረስ ዋናው መገበያያችን እሱ ነበር ማለት ይቻላል። ቀይ ባሕርን ተሻግሮም የመንና ኦማን ውስጥ ከእኛም በኋላ ሲሠራበት ቆይቷል። ሙስካት ያሉ እህቶቻችን በመትራ ገበያ ሲያልፉ የብር ጌጣጌጥ መካከል ያቺኑ ሻሽ የለበሰች ሴትዮ ያገኟታል።

የእኔም ፕሮፋይል ፎቶ ማርትሬዛ ናት። የአያቴ ነበረች። ራሷ ላይ አንጥረኛ የበየደባት ትንሽ ቀለበት አለ፤ ክር ገብቶበት በአንገት የሚንጠለጠልበት። ብየዳው ዘውዷን ትንሽ ነክቶታል። ጉንጯ ልሙጥ ሆኗል። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ግን አሁንም በጣት መዳሰስ ይቻላል። ድሮ ሰው ብር ሲቀበል እዚያ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦችና ራሷ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር። ከጎደሉ ወይ ከደበዘዙ አልቀበልም ይላል። የአውሮፓ ሰብሳቢ የእኔን ሳንቲም ቢያይ «ተበላሽቷል» ነው የሚለው። ቀለበት የተበየደበት ሳንቲም በጨረታ ዋጋው ይወርዳል። ገበያው እንደዚያ ነው፤ አልከራከርም። ግን ያ ቀለበት ባይኖር ያቺ ብር ቪየና ወይ ለንደን ከተመታው ከሌላው ሁሉ አትለይም። ኢትዮጵያዊት ያደረጋት ቀለበቱ ነው። ስንቱ ማርትሬዛ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል! ተርፎ የቀረውን ቀለበቱን ነቅለውና አጥበው «እንዲያምር» የሚያደርጉ ሻጮች ሲያጋጥሙኝ ያመኛል።

የምኒልክን ብር የሚመርጡት ደግሞ ሌላ ስሜት ይዘው ነው። አፄ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት የመጀመሪያው ብር በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ይላል። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። እንግዲህ ሳንቲሙ ከዓድዋ በፊት የወጣ አዋጅ ነው ማለት ነው፤ የራሴ ገንዘብ፣ የራሴ ፊት፣ የራሴ ፊደል አለኝ የሚል። በዚያው ጊዜ ጣሊያን ለኤርትራ ቅኝ ግዛቷ የንጉሧን የኡምቤርቶን ፊት የያዘ ብር ታስመታ ነበር። ሁለቱም ማርትሬዛን ከገበያ ለማስወጣት ሞክረዋል። ሁለቱም አልቻሉም። ሕዝቡ የለመደውን አልለቅም አለ።

ይህን ብር የሚለጥፉ ሰዎች ሁለት ወገን ናቸው። ንጉሡን የሚያስቀድሙ አሉ፤ አንበሳውን የሚያስቀድሙ አሉ። «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እንደምንለው። የአንበሳው ወገን የሆኑት ብዙውን ጊዜ ጥልቅ ሰብሳቢዎች ናቸው። ምክንያቱም ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው። በአንዳንዱ እትም አንበሳው መስቀሉን የያዘበት የፊት እግሩ ግራው ነው፤ በሌላው ቀኙ ነው። የማያውቅ ሰው ሁለቱን አንድ ነው ብሎ ያልፋል። የሚያውቅ ሰው ፕሮፋይሉን በማየት ብቻ «ይሄማ ያኛው ነው» ይላል። በኮምፒውተር ካታሎግ ላይ «1887» የሚለውን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወስደው የሚሳሳቱ የውጭ ሻጮችም አሉ። ሳንቲሙ በእነሱ አቆጣጠር ከ1894 በፊት አልነበረም። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማረም የኛ ሥራ ነው፤ ፊደሉን የምናነበው እኛ ነን።

የደርግ ጊዜ ሳንቲም የሚለጥፉም አሉ። ሳንቲሞቹ ዋጋ የላቸውም ተብለው ይናቃሉ። የአንድ ሳንቲሟ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ የአሥር ሳንቲሟ የደጋ አጋዘን። ከአገር ሲወጡ ኪሳቸው ውስጥ ቀርታ ዋሽንግተን ወይ ቴል አቪቭ የደረሰች ሳንቲም ያላቸው ሰዎች ይህን ምርጫ በደንብ ይረዱታል። በገንዘብ ምንም ናት። እነሱ ግን አይሸጧትም።

አሁን ወደ አክሱም እንሂድ። ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ነው።

አክሱም በራሷ ስም ሳንቲም መምታት የጀመረችው በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ በ270 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። እስከ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ አስመታች። ከእንዱቢስ ቀጥሎ በመጡት ነገሥታት ወርቅ ላይ ንጉሡ ሁለት ጊዜ ይታያል። በአንዱ ጎን ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው ጎን ሻሽ አስሮ። በግራና በቀኝ የእህል ዘለላ አለው። አንድ ሰው ሁለት መልክ ይዞ ማለት ነው፤ ለዓለሙ አንድ፣ ለአገሩ አንድ። ቋንቋውም እንዲሁ ነው። ወደ ውጭ የሚነግደው ወርቅ በአብዛኛው በግሪክኛ ይጽፋል። አገር ውስጥ የሚዞረው ነሐስ እየቆየ ወደ ግዕዝ መጣ። ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል ደግሞ ከንጉሡ ራስ በላይ የነበረው ጨረቃና ክብ ተነሥቶ መስቀል ገባ። በዓለም ላይ መስቀልን እንዲህ በግልጽ በሳንቲም ላይ ካደረጉ የመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ አክሱም ናት። ይህን ሳንቲም መርጦ የሚለጥፍ ኢትዮጵያዊ ለምን እንደሚኮራ ማስረዳት አያስፈልገውም።

እኔ ግን ከወርቁ ይልቅ የምወደው አንድ ትንሽ ነሐስ አለ። በብዛት የሚገኝ፣ ርካሽ፣ ብዙ ጊዜ የተፋቀ ነው። በአንድ ጎን የንጉሥ ራስ፣ ዙሪያውን በግሪክኛ «ንጉሥ» የሚል ቃል ብቻ። ስም የለውም። በጀርባው መስቀል አለ፤ ዙሪያውን «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ። ስሙን ያልጻፈ ንጉሥ ለሕዝቡ መልካም ምኞት ልኮለታል። ፊታቸውንና ስማቸውን ለደበቁ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ፕሮፋይል የለም ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ ወዲህ ነው። አንድ ሰው የአክሱም ወርቅ ሲለጥፍ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። ሳንቲሙ የእሱ ነው ወይስ ከሙዚየም ገጽ የወሰደው ፎቶ ነው? የእሱ ከሆነ ከየት አመጣው? የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ፎቶ መውደድ ኃጢአት አይደለም። ሁለተኛው ግን መልስ ይፈልጋል። የአክሱም ሳንቲም ከመሬት ይወጣል። ገበሬ ሲያርስ፣ እረኛ ከዝናብ በኋላ ሲያልፍ ያገኘዋል። ወደ ውጭ ከወጡት ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት በተጓዦችና በዲፕሎማቶች እጅ የሄዱ አሉ። በሕጋዊ መንገድ ተገዝተው በሙዚየሞች የተቀመጡም አሉ። መቼና እንዴት እንደወጡ የማይታወቁ ግን ብዙ ናቸው። በጨረታ ዝርዝር ላይ «ከአንድ የግል ስብስብ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይጻፍላቸዋል።

ያ አንድ መስመር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የብሩተስ ሳንቲም አሳይቷል። ጩቤዎቹ ያሉበት የወርቅ እትም በጣም ብርቅ ነው። አንዱ በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ከ3.2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ለጥንታዊ ሳንቲም ከተከፈለው ሁሉ የሚበልጥ ተባለ። ፎቶው በዓለም ዙሪያ ዞረ፤ ብዙ ሰብሳቢዎችም ፕሮፋይላቸው አደረጉት። በኋላ ሲመረመር ከሳንቲሙ ጋር የቀረበው የባለቤትነት ታሪክ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። የኒውዮርክ ማንሃተን ዐቃቤ ሕግ ያዘው፤ በ2023 ለግሪክ ተመለሰ። ሳንቲሙ እውነተኛ ነበር። ውሸቱ ታሪኩ ነበር። ሦስት ሚሊዮኑን ያፈረሰው ያ ነው።

በእኛም ሕግ ነገሩ ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ አዲስ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል እንዲነገር ያዛል። ቅርስ በግል መያዝ ግን አልተከለከለም። ባለቤቱ በሚገባ እንዲጠብቀውና እንዲያስመዘግበው ነው የሚጠየቀው። ብዙ ሰው ግን ይፈራል። «ካሳየሁ ይወስዱብኛል» ብሎ ይደብቃል። እንደደበቀው ደግሞ ይሞታል፤ ልጆቹ ታሪኩን ሳያውቁ ለመጀመሪያው ደላላ ይሸጡታል። ይህን ፍርሃት መንቀፍ አልችልም። የሚመዘግቡት መሥሪያ ቤቶች ሰው በሰላም ገብቶ በሰላም የሚወጣባቸው መሆን አለባቸው። ያ ካልሆነ አዋጁ ብቻውን ምንም አያድንም።

ሌላው ጣጣ ማጭበርበር ነው። በፌስቡክና በቲክቶክ «የድሮ ሳንቲም በሚሊዮን ብር እንገዛለን» የሚል ወሬ በየጊዜው ይነሣል። ከጀርባው ያለው ሰው ፕሮፋይሉ ላይ ያማረ የምኒልክ ብር ለጥፏል። ሰው ፎቶውን አይቶ ያምናል። ከዚያ «ለምርመራ»፣ «ለሰርተፊኬት» እየተባለ ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል። እውነተኛ ገዢ ከሻጭ ገንዘብ አይጠይቅም። ፎቶው ብዙ ጊዜ ከውጭ ጨረታ ቤት የተነሣ ነው፤ በጎግል የምስል ፍለጋ ቢያስገቡት በሁለት ደቂቃ ይገኛል። ለዚህ ነው ሰብሳቢዎች ፕሮፋይላቸውን የራሳቸውን ሳንቲም እንዲያደርጉ የምመክረው። የራሱ ጭረት፣ የራሱ ቀዳዳ፣ የራሱ ዝገት ያለበትን። ጭረት የሌለበት ሳንቲም የማንም ሊሆን ይችላል።

የራሳችሁን ስታነሡ ሁለቱንም ጎንና ጠርዙን አንሡ። የማርትሬዛ ጠርዝ ላይ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚያ ነው። ግራሙን በወርቅ ቤት ሚዛን አስመዝኑ። ከሁሉ በላይ ታሪኩን ጻፉ። ከማን እንዳገኛችሁት፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ከተማ ወይ ገጠር። ለሕዝብ ማሳየት ካልፈለጋችሁ ደብተር ላይ ይሁን፣ ግን ይጻፍ። እናቶቻችሁና አባቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቁ። «ይቺን ብር ማን ሰጠሽ?» የሚል ጥያቄ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ያስወራል፤ ሞክሩት።

ከማሳ ላይ ያገኛችሁት ከሆነ ደግሞ አትጠቡት። በሎሚ፣ በአመድ፣ በአሲድ አትንኩት። የአክሱም ባለሙያዎች በአንዳንድ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ ንጉሡን ወይም መስቀሉን በስስ ወርቅ ያስጌጡ ነበር። በዚያ ዘመን ሌላ አገር ያልሠራው ጥበብ ነው። ወርቁ ከጭቃው ሥር ስለሚሆን በዓይን ላይታይ ይችላል፤ በአንድ መፈተግ ግን ይነሣል። በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የተገኘበትን ቦታ ጽፋችሁ፣ ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳዩት። ፎቶውን ግን ለራሳችሁ አስቀሩ። ፕሮፋይላችሁ ላይ ማድረግ ማንም አይከለክላችሁም።